ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሒሳቡ ግን ቀረ

ጥያቄ፦ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ኢኮኖሚው ተንኮታኩቶ ነበር። ታዲያ እነ ዩክሬንና ኢስቶኒያ በቴክኖሎጂ እንዴት በረቱ?

መልስ፦ ለእኔ ዋናው ሒሳብ ነው። ኪየቭ ዳርቻ፣ ፌዮፋኒያ በሚባል ቦታ፣ የኮምፒውተር መሐንዲሱ የሰርጌይ ሌቤዴቭ ቡድን በ1951 እ.ኤ.አ. 6,000 ገደማ የቫኩም ቱቦ (ከትራንዚስተር በፊት የነበረ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ያለው ኮምፒውተር ሥራ አስጀመረ። አስቡት፣ ጦርነቱ ካበቃ ገና 6 ዓመቱ ነው! ቱቦዎቹ ክፍሉን እንደ ምድጃ ያግሉት ነበር። ከዚያ በኋላ የሒሳብ ትምህርት ቤቶች በዙ። በ1990ዎቹ ደመወዝ ሲጠፋ፣ ብዙ መሐንዲሶች ለውጭ ደንበኛ ኮድ መጻፍ ጀመሩ። ለዚህ ሥራ ፋብሪካ አያስፈልግም።

ኢስቶኒያ ደግሞ በ1996 «የነብር ዝላይ» የሚል ፕሮግራም አውጃ ትምህርት ቤቶቿን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘች። ግን በ2003 ለወጣው ስካይፕ ኮድ የጻፉት የዋና ከተማዋ የታሊን ፕሮግራመሮች ከዚያም ቀድመው፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ጌም ይሠሩ ነበር።