የፎቅ ከፍታ ሲጨምር ኪራዩ፣ መንገዱና ይዞታው ምን ይሆናሉ?

ከደብረ ማርቆስ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። እስካሁን ከሁለት ፎቅ በላይ በማይፈቀድበት ሰፈራቸው እስከ አምስት ፎቅ የሚፈቅድ ረቂቅ ፕላን መዘጋጀቱን የሰሙ አንዲት የነባር ይዞታ ባለቤት፣ በግቢያቸው ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች ለመምህራን አከራይተው ይኖራሉ። ኪራይ ይንር እንደሆነ፣ ፎቅ እንዲሠሩ ይገደዱ እንደሆነና በባጃጅ የተጨናነቀው መንገዳቸው እንዴት እንደሚሆን ይጠይቃሉ።

ክብርት ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት የአስተያየት መስጫው ጊዜ እንዳያልፍዎ አደራ እላለሁ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሕንፃ ከፍታና ጥግግት ከውስጥ ለውስጥ መንገዶች ጋር በአንድ የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲታዩ ያደርጋል፤ ረቂቁም ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት። ስለሆነም ከፍታው ጨምሮ መንገዱ እንደነበረ የቀረ ረቂቅ ካዩ፣ ጠንካራው መከራከሪያዎ «ፎቅ አይሠራ» የሚል ሳይሆን የመንገዱ ስፋት፣ የፍሳሽ መውረጃውና እያንዳንዱ ሕንፃ በግቢው ውስጥ የሚያዘጋጀው የመኪና ማቆሚያ አብረው ይወሰኑ የሚል ነው። የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር አውራ ጎዳና ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ከየሰፈሩ የሚወጣው ተሽከርካሪ መጨረሻው እዚያው መሆኑንም ይጥቀሱ። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ እጅግ ይከብዳል።

ኪራይን በተመለከተ፣ ከፍታ ሲፈቀድ ቀድሞ የሚወደደው ቦታው ነው፤ ቤቱ የሚበዛው ግን ገንዘብ ተገኝቶ ግንባታው ካለቀ በኋላ ነው። በአሜሪካዋ ቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ከፍታ በባቡር ጣቢያዎች አካባቢ ብቻ ሲፈቀድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታየው የዋጋ ጭማሪ እንጂ የግንባታ ጭማሪ አልነበረም፤ በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በከተማው ሰፊ ክፍል በአንድ ጊዜ በመፈቀዱ ግንባታው በርክቷል። ለውጡ አንድ መንገድ ዳር ብቻ ነው ወይስ ከተማውን ያዳርሳል ብለው እንዲጠይቁ የምመክርዎ ለዚህ ነው። ሰርቪስ ቤቶች ሲፈርሱ ቀድመው የሚፈናቀሉት መምህራኑ መሆናቸው ያሳስበኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውልና የተወሰነ ዓመታዊ ጭማሪን ይደነግጋል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራው ግን ክልሉ ሲወስን ስለሆነ ከከተማ አስተዳደሩ ያረጋግጡ።

ከፍታው መፈቀዱ ብቻውን በሕጋዊ መንገድ የተሠራ ቤትዎን እንዲያፈርሱ አያስገድድዎትም። ይሁን እንጂ ፕላኑ ዝቅተኛ ከፍታም ከወሰነ አዲስ የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቁ ይመለከትዎታል። አካባቢው መልሶ እንዲለማ ከተወሰነ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ስለ ይዞታ ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ከነማሻሻያው ሲነበብ፣ ባለይዞታው በግል ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ በቅድሚያ የማልማት መብቱን የሚጠይቅበት ሕግ ነው።

ጎረቤትዎ መገንባት ጀምሮ ድምፁና ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ካለፈ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ይከለክለዋል፤ ግድግዳዎን ቁፋሮው ሳይጀመር ፎቶ ያንሱት። ማመልከቻዎን ከጎረቤቶችዎ ጋር ፈርመው ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያስገቡና ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም ያስደርጉ።