በቃላችሁ ያዙት

ልጆቼ፣

ሳውዲ፣ ጅዳ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ሆስፒታልም ፖሊስ ጣቢያም ይጠሩኝ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ተቀምጫለሁ። ወደዚያ ለሥራ ለመሄድ የቆረጡ የሰፈር ልጆች ምክር ፍለጋ ይመጣሉ፤ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ደሞዝ ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት የጠሩኝ የመስኮት መስታወት ከውጭ በኩል ስትወለውል ከሦስተኛ ፎቅ ለወደቀች ልጅ ነበር። ስትነቃ ስሟን ብጠይቃት የነገረችኝ ስም ፓስፖርቷ ላይ የለም። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ያወጣላት ደላላው ነው። ዕድሜዋንም ሃያ አምስት አስብሎታል፤ ልጅቷ ገና አሥራ ሰባት። የእናቷ ስልክ ቁጥር ማዳሟ በቀማቻት ሞባይል ውስጥ ቀርቷል። የምትሠራበትን ሰፈር ስም እንኳ አታውቅም። ቤተሰቧን ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። ብትሞት ኖሮ በማን ስም ትቀበር ነበር?

የአገራችን ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክ ይከለክላል። ደላላ ዓመት ሲጨምርላችሁ ውለታ የዋለላችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችሁ የምትፈልገው ሰው በመዝገብ የለም።

አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሳውዲ ሕግም ክልክል ነው፤ ግን ይይዙታል። ስለዚህ የፓስፖርታችሁንና የኢቃማችሁን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቁጥር፣ የከፊላችሁን፣ ማለትም ያስመጣችሁን አሠሪ ሙሉ ስም፣ የሰፈሩንና አጠገቡ ያለውን መስጊድ ስም፣ የሁለት ዘመድ ስልክ በቃላችሁ አጥኑ። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ሲመለሱ፣ ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ምትክ የሚሰጠው የመመለሻ ወረቀት፣ ሲሞላ ቁጥሩን በቃሉ የሚናገር ሰው ቶሎ ሲያልቅለት አይቻለሁ። ከቤተሰብ ጋር የምትደዋወሉበትንም ቀን ቁረጡ። ዓርብ ከሆነ ዓርብ። ሁለት ዓርብ ዝም ካላችሁ ወንድማችሁ መጀመሪያ ኤጀንሲውን፣ ከዚያ ጅዳ ያለውን ቆንስላችንን ይጨቅጭቅ።

እኔ ድሮ «ቻዪው፣ ኮንትራትሽን ጨርሺ» እያልኩ እመክር ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የሚደበድባችሁ ወይም ሌሊት በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው ካለ ውጡ፤ ግን በበር፣ በቀን፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ቆንስላ። አንሶላ ቀጣጥለው በመስኮት የወረዱትን ያገኘኋቸው ሆስፒታል ነው። ለአደጋ ጊዜ ጅዳ ላይ 911 ይሠራል። መንገድ ላይ «ነይ፣ ፍሪ ላንስ ላሠራሽ» ብሎ ከከፊላችሁ ውጭ ሥራ ለሚሰጥ የአገር ልጅም ቶሎ አትመኑ። ከፊሉ «ሁሩብ»፣ ማለትም ከሥራ ጠፍታለች ብሎ ካስመዘገባችሁ ኢቃማው ይበላሻል፤ ያ ሰው ደሞዝ ቢከለክላችሁ የት ሄዳችሁ ትከሱታላችሁ?

መስታወቱንም ከውስጥ ቆማችሁ፣ ረጅም እንጨት ባለው መወልወያ ብቻ። ማዳም ብትቆጣ ትቆጣ።

ትናንት አንዲት የጎረቤት ልጅ መጥታ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ትበራለች። የእናቷን ስልክ በቃሏ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። መጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ላይ ስትደርስ እጇ ወደ ሞባይሏ ሄደ። ነገ ተመልሳ ትመጣለች።