ደረሰኙ ሌላ፣ ስድቡ ሌላ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የባሌ ታላቅ ወንድም ታይዋን ገበያ ሱቅ አለው። አራት ዓመት ሒሳቡን ያዝኩለት። በቅርቡ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠውን በሌላ መዝገብ እንድይዝ አዘዘኝ። «ክርስቲያን ነኝ፣ አልዋሽም» ብዬ ወጣሁ። አሁን ቤተሰቡ «ጻድቅ ነኝ ባይ» ይለኛል። ቡና ሲፈላ አልጠራም። ባሌ፣ ያሳደገው ወንድሙ ስለሆነ፣ ዝም ብሏል። ኪራዩ ከብዶናል፤ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለእምነቴ ብዬ ልጆቼን ላስርብ ወይስ ልመለስ? (ስወጣ ደንበኛ ፊት «ቁልቢ በእግርህ እየወጣህ ትሰርቃለህ!» ብዬዋለሁ። ውሸት ነው?)

መልስ፦ እህቴ፣ ከቅንፉ ልጀምር።

ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን አንቱ የምትይውን ሰው፣ ያውም በደንበኛ ፊት፣ «አንተ» ብለሽ በስለቱ ሰደብሽው። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል በእግር የሚወጣ ሰው ከዚያ ጋር ስንት ነገር እንዳለው አንቺም ታውቂያለሽ። አቦ፣ ይሄማ ያስቀይማል! ቤተሰቡ የተቆጣው በደረሰኙ ይሁን በስድቡ፣ እነሱም የለዩት አይመስለኝም። አንቺ ግን ለዪው።

ሰባኪ አይደለሁም። ሆኖም ጴጥሮስ ለሚነቀፉ ክርስቲያኖች የጻፈውን የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 4 አንብቢው። ክርስቲያን በመሆኑ መከራ የሚደርስበት አይፈር ይላል። አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ ግን በሰው ጉዳይ ገብቶ መከራ የሚቀበለውን ከሌባ ጋር ይቆጥረዋል። ሁለቱም በአንድ ቀን ደርሰውብሻል።

ወደዚያ መዝገብ አትመለሺ። በየቀኑ ሕሊናው የማይቀበለውን እየሠራ የሚውል ሰው ውስጡ ይቆስላል። እንቅልፍሽም በዚያ መንገድ የሚመለስ አይመስለኝም። ደግሞ አንድ ቀን ሒሳቡ ቢመረመር የሚጠየቀው ባለሱቁ ብቻ አይደለም፤ የጻፈው እጅም ይጠየቃል።

ለስድቡ ግን ይቅርታ ጠይቂ። ሽማግሌ አትላኪ፣ ራስሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ያልኩዎት ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» በይና እዚያው ላይ አቁሚ። «ግን» የምትለዋ ቃል እንዳታመልጥሽ። እሷ ከመጣች ይቅርታው ክርክር ይሆናል። ተመለሺ ካሉሽ «ያለውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ሁለተኛውን መዝገብ አልይዝም» ማለት ይበቃል። እምቢ ካሉም ይቅርታሽ ይቅርታ ነው።

ባልሽን «ከእኔ ነህ ከእሱ?» ብለሽ አታፋጥጪው። እንደ አባት ያሳደገው ወንድምና ሚስቱ መካከል የተጣበቀ ሰው ዝም ቢል አይገርምም። ዝምታው ጥላቻ ሳይሆን ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ይልቅ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ። «ኪራዩን ስንት ወር እንችላለን?» በይው። ልጆቹ የሚራቡት መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ቁጥሩ ይነግራችኋል። ሒሳብ የሚይዝላቸው የሚፈልጉ ትንንሽ ሱቆችን ደግሞ ከነገ ጀምረሽ ጠይቂ፤ ድሬ የነጋዴ ከተማ ናት።

እንቅልፉ ከጥቂት ሳምንታት በላይ እምቢ ካለሽ፣ ወይም ምግብም ካስጠላሽ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። መታከም እምነት ማነስ አይደለም።

ቡናውን ደግሞ ለምን እስኪጠሩሽ ትጠብቂያለሽ? አንቺ አፍዪ። መጀመሪያ አማትሽን ብቻ ጥሪ። ስለ ሱቁ ካላነሱ አታንሺ።