«ዋና ዋና ከተሞች» ወይስ «ዋና ከተማ»? የጣልያን መናገሻዎች ጉዳይ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚላኖ ነው። ስለ ጣልያን አስተዳደር ለልጆቻችን የሚሆን አጭር ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «የጣልያን ዋና ዋና ከተሞች ቱሪን፣ ፍሎረንስና ሮም ነበሩ» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ «ታዲያ ሚላኖ የት ሄደች?» ብላ ሳቀችብኝ። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ «ሬጆኔ» የሚሉትን ክልል ልበለው ወይስ ክፍለ ሀገር?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናት። «ዋና» ሲደገም ትርጉሙ ይለወጣል። «ዋና ዋና ዜናዎች» ስንል ከዜናዎቹ ጎላ ጎላ ያሉትን ማለታችን ነው። «ዋና ዋና ከተሞች»ም እንደዚያው ትልልቆቹና ስመ ጥሮቹ ናቸው። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሚላኖ ብቻ ሳትሆን ናፖሊም ትቀየማለች።

«ዋና ከተሞች» ብለው አንዱን «ዋና» ቢያወጡትስ? ሰዋስው አይከለክልም፤ ግን አገሪቱ በአንድ ጊዜ ሦስት ዋና ከተማ የነበራት ይመስላል። የነበረው አንድ ነው፤ ቦታው ነው የተቀያየረው። ስለዚህ ነጠላውን ይያዙና ዘመኑን ይንገሩን፦ «የጣልያን ዋና ከተማ መጀመሪያ ቱሪን፣ ቀጥሎ ፍሎረንስ፣ በመጨረሻም ሮም ሆነ።»

እኔ ብሆን ግን እዚህ ቦታ «መናገሻ» እል ነበር። ቃሉ ከ«ነገሠ» የወጣ ነው፤ ንጉሥ የሚነግሥበት ማለት ነው። የተባበረችው ጣልያን በመጋቢት 1861 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስትታወጅ መንግሥቷ ዘውዳዊ ነበር። ዳግማዊ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ቱሪን ላይ ነበሩ። በ1864 ከፈረንሳዩ ሣልሳዊ ናፖሊዮን ጋር ስምምነት ተፈረመ። ፈረንሳይ ወታደሮቿን ከሮም ታስወጣለች፣ ጣልያን ደግሞ ሮም ያለችበትን የጳጳሱን ግዛት አትነካም፣ መናገሻዋንም ወደ ፍሎረንስ ታዛውራለች የሚል ነው። ቱሪኖች ይህን ሲሰሙ አደባባይ ወጡ፤ ወታደር ተኮሰባቸው፤ ብዙ ሰው ሞተ። መንግሥቱ ግን በ1865 ፍሎረንስ ገባ። እዚያም ብዙ አልቆየ። በመስከረም 1870 የጣልያን ጦር ሮምን ያዘ፤ በ1871 መናገሻነቱ ለሮም ሆነ።

ልብ ይበሉ፣ «መናገሻነቱ» ነው ያልኩት። «ዋና ከተማዋ ከቱሪን ወደ ፍሎረንስ ተዛወረች» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው አያለሁ። ከተማ እግር የላትም። ቱሪን አሁንም ፖ ወንዝ ዳር ናት፤ የሄደባት ማዕረጓ ነው። ለዚህ ነው «-ነት» የምታስፈልገን። «ዋና ከተማነቱ ተዛወረ» ወይም «የመንግሥቱ መቀመጫ ተዛወረ» ቢሉ ይጠራል።

«መናገሻ» የሚያገለግልዎት ግን እስከ 1946 ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ሕዝቡ በድምፁ ዘውዱን አወረደ። ከዚያ ወዲህ ሮም ዋና ከተማ ወይም ርዕሰ ከተማ ትባል። «መዲና»ም ጋዜጠኞች የሚወዷት ቃል ናት፤ አልቃወምም። እስራኤል ላሉ ዘመዶችዎ ከላኩት ግን ፈገግ ይላሉ፤ በዕብራይስጥ «መዲና» ማለት አገር፣ መንግሥት ነው።

በመሐል አንድ የምወዳት አጋጣሚ አለች። በመስከረም 1943 ሣልሳዊ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ (እኛን ወርሮ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ያለው) ጀርመኖችን ሸሽቶ ከሮም ወጣና ብሪንዲዚ ገባ። በ1944 መጀመሪያ መንግሥቱ ወደ ሳሌርኖ ሄደ። እነዚህን ሁለቱን ምን እንበላቸው? ዋና ከተማ ማለት ይከብዳል። አማርኛ ግን «ከተመ» የሚል ግሩም ግስ አለው፤ ሰፈረ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። «ከተማ» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ የሰፈሩበት ሁሉ ከተማ ነበር። እንግዲህ «ንጉሡ ብሪንዲዚ ከተመ» ይበሉና ይገላገሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። ክልል ይበሉት። በእኛ ጆሮ «ክፍለ ሀገር» ከማዕከል ተሹሞ የሚላክ አስተዳዳሪ ያለበት ነው፤ የደርግን ዘመንም ያስታውሳል። የጣልያን ሬጆኔ ግን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት አለው። ብዛታቸው 20 ነው። አምስቱ፣ ማለትም ሲሲሊ፣ ሰርዴኛ፣ ቫሌ ዳኦስታ፣ ትሬንቲኖ አልቶ አዲጄና ፍሪውሊ ቬኔዚያ ጁሊያ፣ ሰፋ ያለ ልዩ ሥልጣን አላቸው። «ክልላዊ መንግሥት» ከማለት ግን ይቆጠቡ፤ ጣልያን ፌዴሬሽን አይደለችም። ከክልል በታች ያለውን ፕሮቪንቺያ እኔ አውራጃ እለዋለሁ።

የክልል ዋና ከተማን ጣልያኖች «ካፖሉዎጎ» ይሉታል። ለሮም የሚሉት «ካፒታሌ» ሌላ ቃል ነው። እኛ ለሁለቱም «ዋና ከተማ» ስለምንል «የአገሪቱ» ወይም «የክልሉ» የምትለዋን ቃል አይርሱ። «የክልሉ መቀመጫ»ም ጥሩ ነበር፤ ካላብሪያ ላይ ግን ያደናቅፍዎታል። ልዩ ሥልጣን የሌላቸው ክልሎች ሕገ መንግሥቱ ላይ ከ1948 ጀምሮ ቢኖሩም ምክር ቤቶቻቸው የተመረጡት በ1970 ነው። ያኔ የካላብሪያ ዋና ከተማ ካታንዛሮ ልትሆን ነው ሲባል ሌላዋ የክልሉ ከተማ ሬጆ ካላብሪያ ነደደች። ከሐምሌ እስከ የካቲት መንገድ ተዘጋ፣ ባቡር ቆመ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ማስታረቂያ ተገኘ። ካታንዛሮ ዋና ከተማነቱንና ሥራ አስፈጻሚውን ወሰደች፤ ምክር ቤቱ ሬጆ ተቀመጠ። ስለዚህ «የክልሉ መቀመጫ ካታንዛሮ ነው» ብለው ቢጽፉ አንድ የሬጆ ሰው «ምክር ቤቱስ?» ይልዎታል። «የክልሉ ዋና ከተማ ካታንዛሮ፣ የምክር ቤቱ መቀመጫ ሬጆ ካላብሪያ» ብለው ይለዩት።

ኮሙኔን አልተረጉመውም። ማዘጋጃ ቤት ማለት ይቻል ነበር፤ ግን እርስዎስ መታወቂያ ሊያሳድሱ ሲወጡ ለልጆቹ «ኮሙኔ ደርሼ መጣሁ» አይደል የሚሏቸው?