መልስ፦ የደቡቦቹ ባቡር ለምን ተሽመደመደ?

ወንድሜ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደቡቦቹ (ከአሜሪካ ተገንጥለው የራሳቸውን መንግስት ያቆሙት ግዛቶች) ያን ሁሉ ሀዲድ ይዘው ባቡሩ ለምን መንግስታቸውን አላዳነም ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ዋናው ነገር ብረት ነው ባይ ነኝ። ዋና ከተማቸው ሪችመንድ የነበረው ትሬደጋር የብረት ፋብሪካ ለመንግስት መድፍ ሲቀርጽ ነው የሚውለው፣ ለሀዲድ የሚተርፍ ብረት የለም፣ ስለዚህ ዋናው መስመር ሲያረጅ ምን አደረጉ መሰለህ፣ የቅርንጫፍ መስመሮችን ሀዲድ እየነቀሉ እሱን መጠገን ጀመሩ። የሀዲድ ስፋቱም አንድ አይደለም፣ የሪችመንድና ዳንቪል ባቡር መስመር 5 ጫማ፣ የሰሜን ካሮላይናው መስመር 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ነው፣ ያ ማለት ወታደሩ ጦር ሜዳ ላይ እየተራበ እህሉ መሀል መንገድ ላይ ጆንያ በጆንያ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ጉልበቱ ደግሞ በአብዛኛው በባርነት የተያዙት ጥቁሮች ነበር፣ ይሄን ሳይነግሩህ የሚያልፉ ብዙ ናቸው፣ በጣም ያናድደኛል።

በ1864 (በፈረንጅ) ሰኔ ላይ የሰሜን ፈረሰኞች መጥተው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር አወደሙ፣ የሪችመንድና ዳንቪል መስመር የሚያልፍበትን የስታንተን ወንዝ ድልድይ ግን ሽማግሌዎችና ልጆች ጭምር ሆነው ተከላከሉት አልተቃጠለም። እና ያው መስመር ነው በመጨረሻ የደቡቦቹን ፕሬዚዳንት ዴቪስን ያሸሸው፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1865 (በፈረንጅ) ሌሊት ከሪችመንድ ተነስቶ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ዳንቪል የደረሰው በማግስቱ ከሰዓት ነው፣ ሀዲዱ ምን ያህል እንዳለቀ ከዚህ ገምት።