ፓርላማ ለሚመኙ የጅማ ልጆች

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ፣ የሕግ ተማሪ ናት፣ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ዘመን ጥብቅና ሲሠሩ ኖረው ለምን ፓርላማ አልገቡም?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ ለእናንተ ለጓደኞቿም ልጻፍ።

በ1987 ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። ሕገ መንግሥቱ ገና መጽደቁ ነው፤ ምርጫው ደርሷል። ተወዳደር አሉኝ። እኔ ደግሞ ወዳጄን ጠቆምኩ። የታሪክ መምህር ነበር። ተማሪዎቹን ሰብስቦ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይወጣ ነበር፤ ሲያስረዳ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማዋል። ብዙ ተለምኖ እሺ አለ፤ ተመረጠም። ከጥቁር ሰሌዳው ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ወዳጄ መራጮቹን ሊያነጋግር ይመጣል። ጅማ ሐምሌ ላይ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። አንዴ አብሬው ሄድኩ፤ ከሰቃ መንገድ ገባ ያለ ገጠር ነው። ስብሰባው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ትልልቅ ሰዎች የሕፃናት ዴስክ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወዳጄ ንግግሩን አቋርጦ እስኪያባራ ጠበቀ።

አንድ አዛውንት ተነሡ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። ወንዙ ክረምት ሲሞላ ልጆች ትምህርት ቤት አይሻገሩም፣ ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ አትደርስም አሉ። «ድልድያችንስ?»

ወዳጄም በኦሮምኛ መለሰ። «አባቴ፣ እኔ ድልድይ መሥራት አልችልም። ለግንባታ የሚሰጠኝ ገንዘብ የለም። የእኔ ሥራ ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅ፣ ሚኒስትር መጠየቅ ነው። ይህ መንገድ የወረዳው ነው። ወረዳም ዞንም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ቤቱ በጉርምርምታ ተሞላ። ሁለት ሦስት ሰዎች ጥለው ወጡ። አዛውንቱ አልተቀመጡም። «ታዲያ አንተን ምን ብለን መረጥን?» አሉት።

ወዳጄ አልተቆጣም። ደብተሩን አወጣና ይጠይቅ ጀመር። ወንዙ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ይዘጋል? ከማዶ የሚመጡት ልጆች ስንት ናቸው? ባለፈው ዓመት ውኃው የት ደረሰ? ዝናቡ ሲያባራ ወንዙ ዳር ወረድን። አዛውንቱ አንድ ዋንዛ ግንድ ላይ ጎርፉ የደረሰበትን በበትራቸው አሳዩ። ወዳጄ ጫማውን አውልቆ ከግንዱ እስከ ዳርቻው በእርምጃ ለካ። ጻፈ። ያን የመሰለ ኮት ለብሶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ!

ስንመለስ አብሮን የነበረ ሹም «ይሠራል ብትል ምን ነበረበት?» አለው። ወዳጄ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብሎ ዝም አለ። በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ አልሆነም። ድልድዩ ከዓመታት በኋላ ተሠራ፤ ሪባን ሲቆረጥ የጠራው የለም። ወደ ማስተማርም አልተመለሰም።

እናንተ የሕግ ተማሪዎች አንቀጽ 54ን በቃላችሁ ትወጡታላችሁ፤ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው። መራጩ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ከአባልነት እንደሚወገድም እዚያው ላይ አለ። ሦስቱ ሲስማሙ ሥራው ቀላል ነው። ሲጣሉ ደግሞ በላያቸው ፓርቲ የሚባል ነገር አለ። እሱን አንቀጹ ውስጥ አታገኙትም።

ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት እጅ ሲወጣ ነው። ዋናው ሥራ ያለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። ረቂቅ አዋጅ ይመራለታል፤ አባላቱ አንቀጽ በአንቀጽ ሲጨቃጨቁበት ይከርማሉ። ወዳጄ ረቂቆቹን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይልክልኝ ነበር። ያኔ ከአዲስ አበባ ጅማ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ ወረቀቱ አቧራ ጠጥቶ ይደርሳል። በኅዳጉ ላይ አስተያየቴን ጽፌ በዚያው ሹፌር እመልሳለሁ። «ሊወሰን ይችላል» የሚለውን ሁሉ «በማን?» እያልኩ ስሞግተው ደስታዬ ነበር። እንዲያውም ከተመረጠ ሰው ይልቅ ረቂቅ በደንብ የሚያነብ ሰው ይጠቅማል ባይ ነኝ። ግን ይህን የምለው ያልተመረጥኩ ስለሆንኩ ይሆናል።

አባቴ የጃንሆይን ዘመን ምርጫ ያወራ ነበር። በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ ይመረጥ ተባለ፤ ለመወዳደር ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። «ቡና መሬት የሌለው ምን ሊያወራ ይገባል» እያለ ይስቅ ነበር፤ እሱ ራሱ መሬት አልነበረውም።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ይቀድማችኋል። ቀበሌ ስብሰባ ገብታችሁ አጀንዳው ሳያልቅ ቲክቶክ ላይ ናችሁ። ይህ ያናድደኛል። እኛ ግን ካሜራ ስላልነበረን ነው እንጂ ከእናንተ የተሻልን ነበርን ማለት ይከብደኛል።

ስለ ንግግር ችሎታ፣ ስለ ሐቀኝነት አልጽፍም፤ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ኦሮምኛም አማርኛም አጥብቃችሁ ያዙ። መራጩ ሲናደድ በአስተርጓሚ አይናደድም። ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ፦ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ጨፌ (የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት)፣ ፌዴራል። ይህን ሳይለይ ዕጩ የሆነ ሰው ለሁሉም «እሺ» ይላል፤ ሕዝቡም ላም አለኝ በሰማይ ይዞ ይቀራል።

ለጎረቤቴ ልጅ መልሴ ይኸው፦ ጠበቃ ከተሸነፈ ይግባኝ ይላል፤ አዛውንቱ በተነሡበት በዚያ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ግን ይግባኝ የለም። እኔ እንደ ወዳጄ ቆሜ «አልችልም» የምል አልመሰለኝም። አንቺ ግን ብትሞክሪ ደስ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ነይና የበጀት አዋጅ አብረን እናንብብ፤ ጠዋት ቡና ላይ ነኝ።