የክረምቱ የማሞቂያ ገንዘብ ለየትኛው ጡረተኛ ይገባል? ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ ለንደን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በ2024 ክረምት የማሞቂያው ገንዘብ ቀረባቸው። በ2025 ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ 200 ፓውንድ ባንካቸው ገባ። ትልቅ ቤት ያለው ጎረቤታቸውም እኩል አገኘ። «ታዲያ ለችግረኛ ብቻ ቢሰጥ አይሻልም ወይ?» ነው ያልሽው።

እኔ ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ለአገራችን አዛውንቶች ፎርም ስሞላ ኖሬያለሁ። «ለችግረኛ ብቻ» የሚለው ነገር ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ችግረኛውን ማን ይለየዋል? በምን ይለየዋል? ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ገንዘቡ የተጀመረው በ1997 ነው፣ ጎርደን ብራውን የገንዘብ ሚኒስትር እያሉ። ለብዙ ዓመት ሀብታም ድሃ ሳይባል ለጡረተኛው ሁሉ ሲሰጥ ቆየ። 200 ፓውንድ፣ 80 ዓመት የሞላው ሰው ላለበት ቤት ደግሞ 300። በጁላይ 2024 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ መጡና ፔንሽን ክሬዲት (ገቢው ትንሽ የሆነን ጡረተኛ የሚደጉም ገንዘብ ነው) ወይም መሰል ድጎማ ለሚያገኝ ብቻ ይሁን አሉ። ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ባንዴ ከዝርዝሩ ወጣ።

ወረቀት ላይ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ነገር ግን ፔንሽን ክሬዲት ካልጠየቁት አይመጣም። ያኔ እየተገባቸው ያልጠየቁ እስከ 880,000 ቤተሰቦች እንዳሉ መንግሥት ራሱ ገምቶ ነበር። ስለዚህ ያ ውሳኔ ሀብታሙን ብቻ አይደለም ያስወጣው። ፎርም ያልሞላውን ድሃም አብሮ አስወጣው።

ፎርም ካልሞሉት ውስጥ ደግሞ የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። እዚህ አገር የመጡት በ45፣ በ50 ዓመታቸው ነው። ጽዳትም፣ ኩሽናም ሠርተዋል። ሙሉ ጡረታ ለማግኘት ግን የ35 ዓመት ናሽናል ኢንሹራንስ፣ ማለትም ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ፣ ይፈለጋል። ከየት ይምጣ? ጡረታቸው ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነም ፔንሽን ክሬዲት ይገባቸዋል።

አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ፌስታል ሙሉ ያልተከፈተ ደብዳቤ። ሂተሩ ጠፍቷል። እሳቸው ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው ቁጭ ብለዋል። «ልጄ፣ እኔ እኮ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት፣ ይሄ ምን ብርድ ነው» አሉኝ። እጃቸው ግን በረዶ ሆኗል። ጡረታቸው በሳምንት 150 ፓውንድ አይሞላም፤ ያኔ በ2024 ፔንሽን ክሬዲት ብቻውን የሚኖርን ሰው ገቢ በሳምንት እስከ 218.15 ያሟላ ነበር። ለምን አልጠየቁም ስላቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ለቀብሬ ብለው ከዕቁብ ያጠራቀሟት 6,000 ፓውንድ አለች። «እሷን ካዩብኝ ይወስዱብኛል» ብለው ፈርተው ነው። ማንም አይወስድም። እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ቁጠባ ጭራሽ አይቆጠርም። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 500 ፓውንድ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንዳለሽ ይቆጠራል፣ በቃ።

በዚያው ዓመት ደግሞ ሙሉው አዲሱ የመንግሥት ጡረታ በሳምንት 221.20 ነበር። ልብ በይ፣ ከፔንሽን ክሬዲቱ መስመር የሚበልጠው በ3 ፓውንድ ከ5 ሳንቲም ነው። ብቻውን የሚኖርና ሌላ ተጨማሪ ነገር የማይታሰብለት ሰው በዚህችው ሳንቲም ምክንያት 200 ወይም 300 ፓውንድ ቀረበት። ይሄ ሀብታም ነው?

በጁን 2025 መንግሥት ወደ ኋላ ተመለሰ። አሁን እንግሊዝና ዌልስ ላይ ለጡረተኛው ሁሉ ይከፈላል፤ የዓመት ገቢው ከ35,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ግን ታክስ ቢሮው መልሶ ይወስደዋል። ስኮትላንድ የራሷ ክፍያ አላት፣ መስመሩ ግን ያው 35,000 ነው። ለእኔ ይሄኛው በብዙ ይሻላል። ባለ ገቢውን ታክስ ቢሮው ድሮም ያውቀዋል፤ ፎርም አያስፈልገውም። ድሃው ድህነቱን በ200 ጥያቄ እንዲያስረዳ አይገደድም። መጀመሪያ ይሰጣል፣ ማጣራቱ በኋላ ይመጣል። ብርድ ደግሞ ማጣራት እስኪያልቅ አይጠብቅም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የሚታየው የአንድ ሰው ገቢ እንጂ የቤቱ አይደለም። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 34,000 ቢያገኙ፣ ማለትም 68,000 ቤታቸው ቢገባ፣ ገንዘቡ አይነካባቸውም። 36,000 የሚያገኝ ብቸኛ ሰው ግን ይመልሳል። የእናትሽ ጎረቤትም ቤቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይከለከልም፤ ቤት ገቢ አይደለም። ያንን ትልቅ ቤት ማሞቅ እንዴት እንደሚያስለቅስ ደግሞ እሱ ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። በእኔ አስተያየት 200ዋን ተዪያትና ፔንሽን ክሬዲቱን አጣሪ። በአማካይ በዓመት ወደ 4,000 ፓውንድ እንደሚያወጣ መንግሥት ይናገራል። እሱን ሲያገኙ ሌላውም ይከተላል። ከመብራት ቢል ላይ 150 ፓውንድ የሚቀንሰው ዋርም ሆም ዲስካውንት አለ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ የአካባቢው ሙቀት ለ7 ተከታታይ ቀናት በአማካይ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን 25 ፓውንድ ይገባላቸዋል። 75 ከሞላቸው የቲቪ ላይሰንስ ነፃ ነው። ጉልበታቸውን ወይም ዓይናቸውን የሚያማቸው ከሆነና ሰው የሚያስፈልጋቸው ከሆነ አቴንዳንስ አላውዋንስም ጠይቂ፤ እሱ ገቢ አያይም፣ የፔንሽን ክሬዲቱን መስመርም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ፔንሽን ክሬዲት ያለው ሰው ከአገር ሲወጣ በጥቅሉ የሚፈቀድለት እስከ 4 ሳምንት ነው። የእኛ ሰው ለገና ሄዶ ጥምቀትን ውሎ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ሁለት ወር ቆይቶ ይመለስና «ለምን ተቋረጠብኝ» ይላል። ከመሄዳቸው በፊት ይናገሩ። አገር ቤት በስማቸው ቤት ካለም መደበቅ የለም፣ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ቪዛቸው ላይ የመንግሥት ድጎማ አይፈቀድም የሚል ነገር ካለ ምንም ሳትሞዪ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን አማካሪ አነጋግሪ።

አዎ፣ «የማሞቂያ ገንዘብዎን ለማግኘት ይህን ይጫኑ» የሚል ቴክስት ከመጣላቸው ሌባ ነው። ይጥፋ። እናትሽ ገንዘቡ ባለፈው በራሱ ገብቶላቸዋል፣ ምንም መጫን አያስፈልጋቸውም።

ለፔንሽን ክሬዲት የሚደወለው 0800 99 1234 ላይ ነው፣ ነፃ ነው። አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ያቀርባሉ። ስትደውዪ እናትሽ አጠገብሽ ይሁኑ፤ እሳቸው ካልፈቀዱ አያነጋግሩሽም። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራቸውን፣ የባንክ ስቴትመንትና የቤት ኪራይ ወረቀቱን አዘጋጂ። ከተፈቀደላቸው እስከ 3 ወር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊከፈላቸው ይችላል፣ ስለዚህ አታዘግዪው። ያልገባሽ ጥያቄ ካለ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ የእናትሽን ስምና ቁጥር ሸፍነሽ።